ድስቱ የተጣደበት ትምህርት ቤት

እንግዲህ ጠጋ በሉና ስሙኝ። የምተርክላችሁ በሕንድ ደቡባዊ ጫፍ፣ ዛሬ ታሚል ናዱ በሚባለው፣ ያን ጊዜ ግን ማድራስ ተብሎ በሚጠራው ግዛት የሆነውን ነው። ዘመኑ የ1950ዎቹ አጋማሽ ነው፤ የምጠራውን ዓመትና ቀን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ያዙልኝ። ሕንድ ከእንግሊዝ እጅ ከወጣች ገና አሥር ዓመት አልሞላትም።

የግዛቱ ዋና ሚኒስትር ካማራጅ ይባላሉ። ታሚሎች ሲያወሩ እንደሚሉት፣ አንድ ቀን በመኪና ወደ ገጠር ሲወርዱ ቼራንማሃዴቪ አጠገብ የባቡር ሐዲዱ መሻገሪያ ተዘጋባቸው። ባቡሩ እስኪያልፍ ከመኪና ወርደው ወዲያ ወዲህ ሲሉ ከብት የሚጠብቅ ልጅ አዩ። ቀኑ የትምህርት ቀን ነው።

«አንተ ልጅ፣ ትምህርት ቤት አትሄድም እንዴ?»

«ትምህርት ቤት ብሄድ ምሳ ይሰጡኛል? ከበላሁ እማራለሁ።»

ይህን ወግ ሰው ሁሉ እንደየአፉ ይተርከዋል፤ ከብቱም ተራኪው በተለወጠ ቁጥር አንዴ ላም፣ አንዴ ፍየል ይሆናል። ጥያቄው ግን አይለወጥም። እኔም ከዚህ አገር ታሪክ መጀመሪያ ጆሮዬ የገባው ይኸው ጥያቄ ነው፤ ምክንያቱም ልጁ እምቢ አላለም፣ ትምህርት ጠላሁም አላለም። የጎደለውን ብቻ ተናገረ።

ጥያቄው ሰውየውን ለምን እንደያዛቸው ለማወቅ ወደ ልጅነታቸው መመለስ ነው። ካማራጅ በ1903 ቪሩዱናጋር በምትባል የነጋዴ ከተማ ተወለዱ። ገና ልጅ ሳሉ አባታቸው ሞቱ። እናት ጌጣጌጣቸውን ወደ ገንዘብ ለውጠው ቤቱን ለማቆም ታገሉ፤ አልሆነም። ልጁ ስድስተኛ ክፍል ገደማ ሲደርስ ደብተሩን አስቀምጦ አጎቱ ጨርቅ ሱቅ ገባ። ከዚያ የጋንዲ ትግል መጣ፣ እስር ቤት መጣ፤ በየጊዜው የታሰሩት ቢደመር ዓመታት ነው። አላገቡም፣ ልጅም አልወለዱም። እንግሊዝኛቸው የተማሩት ሰዎች እንግሊዝኛ አልነበረም። እንግዲህ በ1954 ያን ትልቅ ግዛት እንዲመራ ወንበር ላይ የተቀመጠው ሰው፣ ትምህርት በድህነት የተነጠቀ ሰው ነበር።

ከእሳቸው በፊት የነበሩት ዋና ሚኒስትር ራጃጂ ሌላ ሐሳብ ነበራቸው። ራጃጂ ትልቅ ሰው ነበሩ፤ የተማሩ፣ ጸሐፊ፣ የጋንዲ ባልንጀራ። ትምህርት ቤት አነሰ፣ ልጁ በዛ፣ ገንዘብ የለም። ስለዚህ በ1953 የገጠር ልጅ ግማሽ ቀን ትምህርት ቤት ይዋል፣ ግማሹን ቀን የአባቱን ሥራ ይማር የሚል ዕቅድ አወጡ። ለሰሚ ጆሮ መልካም ይመስላል። አባት ማነው? የሸክላ ሠሪ ልጅ ሸክላ፣ የልብስ አጣቢ ልጅ እጥበት፣ የቆዳ ፋቂ ልጅ ቆዳ ሊማር ነው። በሕንድ ሥራ በትውልድ ይወረስ እንደነበረ፣ ማን ማንን እንደሚጠየፍ፣ ማን ከማን ጋር ውኃ እንደማይጠጣ የምታውቁ ታውቃላችሁ። ሕዝቡም ገባው። ተቃውሞው ግዛቱን አናወጠው፤ ራጃጂ ወረዱ፤ ካማራጅ ወጡና ዕቅዱን ሰረዙት። የተዘጉ ትምህርት ቤቶችን ከፈቱ፣ በሺዎች የሚቆጠሩ አዳዲስ አስገነቡ።

በሩ ተከፈተ እንበል። ልጁ ግን ሜዳ ላይ ነው።

እዚህ ላይ ለእውነት ስንል ትንሽ ወደ ኋላ እንሂድ። ልጆችን በትምህርት ቤት መመገብን ካማራጅ አልፈጠሩትም። በ1920 የማድራስ ከተማ ምክር ቤት፣ ቴያጋራያ ቼቲ በሚባሉ ሰው መሪነት፣ ታውዘንድ ላይትስ በተባለ የድሆች ሰፈር በሚገኝ ትምህርት ቤት ምሳ ጀምሮ ነበር። ለአንድ ልጅ ከአንድ አና እንዳይበልጥ ተባለ፤ አና ማለት የሩፒ አሥራ ስድስተኛ ነው። ልጆቹ መጡ። ቅኝ ገዢው መንግሥት ግን ወጪውን አልፈቅድም ብሎ ፊቱን አዞረና ምሳው ቆመ። አንድ አና እንኳ! ይህን ሳስብ ሁልጊዜ ይቆረቁረኛል። መንገዱ ታውቆ ሳለ ሠላሳ ዓመት ተዘለለ፤ በእነዚያ ዓመታት ስንት ልጅ ከብት ሲያግድ አደገ?

ወደ ካማራጅ ልመልሳችሁ። የትምህርት ኃላፊያቸው ሱንዳራቫዲቬሉ ነበሩ፤ ለጉዳዩ ከልባቸው የቆሙ ሰው። ገንዘብ ያዦቹ ግን ከየት እናምጣ አሉ። ካማራጅ ከሌሎች ሥራዎች ሁሉ ይህ ይበልጥብኛል፣ ካስፈለገም ከአገር አገር እየዞርኩ እለምናለሁ አሉ ይባላል። በ1956 ኤታያፑራም ላይ ተጀመረ። ኤታያፑራም የታሚሉ ባለቅኔ የባራቲ የትውልድ ከተማ ናት፤ ቦታው የተመረጠው እንዲሁ አይደለም። ወጪውን መንግሥትና መንደርተኛው ተካፈሉት። አንዱ ሩዝ አመጣ፣ አንዱ ማገዶ፣ አንዱ የጓሮ አትክልት። ሱንዳራቫዲቬሉ በየቦታው ጉባኤ እየጠሩ የመንደሩን ሰው ስለ ትምህርት ቤቱ ያወያዩ ነበር፤ ሰውም አግዳሚ ወንበር፣ ጥቁር ሰሌዳ፣ የግድግዳ ሰዓት፣ የልጆች ልብስ እያመጣ ሰጠ። ዩኒፎርሙም ከዚያው ዘመን ነው። ጨርቁ አንድ ከሆነ የሀብታሙና የድሃው ልጅ ከሩቅ አይለይም ብለው ነው።

በ1960ዎቹ ኬር የተባለው የአሜሪካ ድርጅት የወተት ዱቄትና እህል ላከ። ካማራጅ በ1963 ሥልጣናቸውን በፈቃዳቸው ለቀቁና ፓርቲያቸውን ሊያጠናክሩ ሄዱ። በ1975 ሲሞቱ ከጥቂት ሸሚዝና ከ150 ሩፒ የማይበልጥ ገንዘብ ሌላ አልተገኘባቸውም ይባላል።

ምሳው እንዳይሞት ግን ሌላ የተራበ ልጅ ያስፈልግ ነበር።

ያ ልጅ ራማቻንድራን ነው፤ ሕንዶች ኤም ጂ አር ይሉታል። በ1917 በሲሎን፣ ካንዲ አጠገብ ተወለደ። አባቱ ሞተ፤ እናቱ ልጆቿን ይዛ ወደ ሕንድ ተሻገረች፤ ቤት ውስጥ የሚላስ የሚቀመስ አልነበረም። ልጁ ትምህርቱን ጥሎ ከቲያትር ቡድን ገባ፤ እዚያ ቢያንስ ይበላል። ከዚያ ፊልም፣ ከዚያ ዝና፣ ከዚያ ፖለቲካ፤ በ1977 ዋና ሚኒስትር ሆኑ። በሐምሌ 1982 የልጆቹን ምሳ እንደገና በትልቁ ሲያስጀምሩ ስለ ራሳቸው የተናገሩት ነገር አለ። ሲርበኝ ከማልቀስ በቀር ሌላ የማላውቅ ሕፃን ሳለሁ ያየሁት ረሃብ ነው ይህን ያስጀመረኝ አሉ፤ ጎረቤታችን የሆነች ሴት አንድ ሳህን የሩዝ አጥሚት ባትሰጠን ኖሮ አልቀን ነበር አሉ።

ያቺን ጎረቤት አስቡልኝ። ስሟን የሚያነሳ የለም።

ምሁራኑ ግን ተነሡ። የድሃ ግዛት በጀት በሩዝ ይለቅ? ፋብሪካ ይሠራበት፣ መንገድ ይሠራበት፤ ይህ የድምፅ መሸመቻ ነው ተባለ። ኤም ጂ አር አልሰሙም። መጀመሪያ የገጠር ሕፃናትና የአንደኛ ደረጃ ልጆች፣ ወዲያው የከተማዎቹ፣ ከሁለት ዓመት በኋላ ደግሞ እስከ አሥራ አምስት ዓመት ያሉት ሁሉ ገቡ። ከስድስት ሚሊዮን በላይ ልጅ ማለት ነው። በየማዕከሉ ሦስት ሰው ይቀጠራል፦ አንድ አስተባባሪ፣ አንድ አብሳይ፣ አንድ ረዳት። ለሴቶች፣ በተለይም ባል ለሞተባቸውና ረዳት ለሌላቸው ቅድሚያ ይሰጥ ተባለ። በአንድ ድስት ልጅም እናትም በሉ። ከዚያ ወዲህ ሥልጣን የያዘ ፓርቲ ሁሉ ምሳው ላይ ጨመረ እንጂ አልቀነሰም፤ መጀመሪያ በሁለት ሳምንት አንድ እንቁላል፣ በኋላ በሳምንት አንድ፣ ከ2010 ጀምሮ በሳምንት አምስት እንቁላል ደረሰ። እንቁላል ለማይበላ ልጅ ሙዝ አለው። አንዳንድ ሌሎች የሕንድ ግዛቶች በሃይማኖት ምክንያት እንቁላሉን ከልጁ ሳህን አርቀውታል። እኔ ጾም አውቃለሁ፤ ጾም ግን ወዶ የሚያዝ ነው፣ ለተራበ የሰው ልጅ የሚታዘዝለት አይደለም። የታሚሎቹ ሙዝና እንቁላል የሁሉንም እምነት ያከበረ ይመስለኛል።

እስካሁን የአንድ ግዛት ወግ ነው። አገሩን ሁሉ ያዳረሰው እንዴት ነው?

ዓመቱ 2001። ሰሜን ሕንድ በድርቅ ተመትቷል። ራጃስታን ውስጥ ሰው እየተራበ ነው፣ የመንግሥት ጎተራ ደግሞ ሞልቶ ፈሷል፤ ከ50 ሚሊዮን ቶን በላይ እህል ተከምሮ ከፊሉ በዝናብ ይበሰብሳል። ማዕከላዊው መንግሥት ከ1995 ጀምሮ የትምህርት ቤት ምሳ አለኝ ይል ነበር፤ በተግባር ግን በብዙ ቦታ የሚታደለው ለልጅ በወር ሦስት ኪሎ ጥሬ እህል ነው። ጥሬው እቤት ይሄዳል፣ ቤተሰብ ይካፈለዋል፤ ልጁ ቀትር ላይ እንደራበው ቁጭ ይላል። የዜጎች መብት ተሟጋቾች መንግሥትን በጠቅላይ ፍርድ ቤት ከሰሱ። ፍርድ ቤቱ ኅዳር 28 ቀን 2001 ትእዛዝ ሰጠ፦ በመንግሥትና መንግሥት በሚደግፋቸው የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሁሉ የበሰለ ምሳ ይቅረብ፤ ቢያንስ 300 ካሎሪና ከ8 እስከ 12 ግራም ፕሮቲን ይኑረው፤ በዓመት ቢያንስ 200 ቀን ይሰጥ፤ በስድስት ወር ውስጥ ይጀመር።

ዳኛ በግራም ለክቶ ምሳ ሲያዝ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ከዚያ በፊት አልሰማሁም። ግን ፍርድ አንድ ነገር፣ አፈጻጸሙ ሌላ። ግዛቶቹ ገንዘብ የለንም አሉ፣ ጊዜ ስጡን አሉ። ሚያዝያ 9 ቀን 2002 በዘጠኝ ግዛቶች የሚገኙ ልጆች ባዶ ሳህናቸውን ይዘው መንገድ ዳር ተሰለፉ። ቀስ በቀስ ድስቱ ተጣደ፤ ራጃስታን በዚያው ዓመት ጀመረች፣ ሌሎቹ ተከተሉ። ዛሬ ከ100 ሚሊዮን በላይ ልጆች ይበሉበታል፤ በምድር ላይ ትልቁ የትምህርት ቤት ምሳ ነው።

ምን ለወጠ? ሴት ልጆችን አስቀድማለሁ፤ ከቤት የሚቀሩት እነሱ ናቸዋ። ተመራማሪዎቹ ዣን ድሬዝና ጊታ ኪንግደን የሰሜን ሕንድ ገጠሮችን ሲያጠኑ፣ ምሳ ያለበት ትምህርት ቤት ከትምህርት ውጭ የሚቀሩትን ሴቶች ልጆች ቁጥር በግማሽ ያህል እንደሚቀንስ አገኙ። በ2021 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ ዕድሜን ተከትሎ ሄደ፦ በልጅነታቸው የትምህርት ቤት ምሳ የበሉ ሴቶች አድገው ሲወልዱ፣ ልጆቻቸው ካልበሉት እናቶች ልጆች ይልቅ በቁመት የተሻሉ ሆነው ተገኙ። የሴት ልጅ ምሳ ለልጇ አጥንት ተረፈ።

ምሳ ብቻ ግን አያስተምርም፤ ይህን ሳልናገር ባልፍ እውነቱን ሸፈንኩ ማለት ነው። በ2018 በገጠር ሕንድ በተደረገ ሰፊ ፈተና አምስተኛ ክፍል ከደረሱት ልጆች የሁለተኛ ክፍል ጽሑፍ ማንበብ የቻሉት ግማሽ ያህሉ ናቸው። መምህር ከቀረ፣ መጽሐፍ ከሌለ፣ ስልሳ ሰባ ልጅ በአንድ ክፍል ከታጨቀ ሆድ መሙላት ፊደል አያስቆጥርም። ቢሆንም እስከ አምስት ዓመት ምሳውን ሲያገኙ የኖሩ ልጆች ከአንድ ዓመት በታች ካገኙት ይልቅ በንባብ ፈተና 18 በመቶ የተሻለ ውጤት እንዳመጡ ተለክቷል። ያው መምህር፣ ያው ሰሌዳ፤ የጠገበ ልጅ ግን ዓይኑ ሰሌዳው ላይ ነው።

አሁን የሚያሳዝነውን ልንገራችሁ፤ መዝለል አይገባኝም። ሐምሌ 16 ቀን 2013፣ ቢሃር ግዛት፣ ቻፕራ አካባቢ አንዲት ትንሽ መንደር። ልጆቹ ሩዝና አኩሪ አተር በሉ። ወጡ የተሠራበት ዘይት ውስጥ የተባይ መርዝ ነበር። አብሳይዋ ዘይቱ አላማረኝም ብላ ነበር፤ አልሰሟትም። ሃያ ሦስት ልጆች ሞቱ። ርዕሰ መምህርቷ በፍርድ ቤት ተፈርዶባት ታሰረች። ከዚያ ወዲህ ምግቡን መምህር ቀምሶ ይቅረብ የሚለው መመሪያ ጠበቀ። ለድሃ ልጅ የሚሰጥ ነገር ለምን ግድ የለሽ እጅ ውስጥ እንደሚወድቅ አስቡ። ነፃ ነው፣ ምን ይናገራሉ የሚል ልብ ነው ያንን ዘይት ድስት ውስጥ የጨመረው።

ሌላው ቁስል ከድስቱ ሳይሆን ጭልፋውን ከያዘችው እጅ የመጣ ነው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2004 አብሳይ ሲቀጠር ለዳሊቶች ቅድሚያ ይሰጥ ብሎ አዘዘ። ዳሊቶች ማለት በትውልዳቸው አይነኬ ተብለው የኖሩ ሰዎች ናቸው። ከላይ ነን የሚሉ ወላጆች በየቦታው አመጹ፤ አንዱ ለልጁ ከቤት ቋጠረ፣ አንዱ ልጁን ከትምህርት ቤት አስወጣ፣ አንዱ አብሳይዋ ትባረር ብሎ በር ዘጋ። ስንት ሴት ባበሰለችው ድስት አጠገብ ቆማ ልጆች ሳህናቸውን ሳያነሱ ሲሄዱ አይታለች!

ይህ የድሮ ነገር እንዳይመስላችሁ። በ2022 መስከረም ላይ የታሚል ናዱ መንግሥት ምሳ አይበቃም፣ ልጅ ማለዳም ይርበዋል ብሎ ከአንደኛ እስከ አምስተኛ ክፍል ላሉት ቁርስ ጀመረ። የጊዜው ዋና ሚኒስትር ስታሊን ትምህርት ቤት ሲጎበኙ ቁርስ በላችሁ ወይ ብለው ቢጠይቁ ልጆቹ አልበላንም ስላሉ ነው ይላሉ። በቀጣዩ ዓመት ቁርሱ ወደ 31,000 የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ደረሰ። ያኔ ኤታያፑራም አጠገብ ባለች ኡሲላምፓቲ በምትባል መንደር አሥራ አንድ ልጆች ቁርሳቸውን አንበላም አሉ። ያበሰለችው ዳሊት ናትና ቤታቸው ከለከላቸው። የምክር ቤት አባሏ ካኒሞዚ፣ አንዲት የግዛቱ ሚኒስትርና የአውራጃው አስተዳዳሪ መጥተው ከልጆቹ ጋር አንድ ላይ ተቀመጡ፤ ከአብሳይዋ እጅ ተቀብለው በሉ። ልጆቹም በሉ። አንድ ቀን የባለሥልጣን ቁርስ የሺህ ዓመት ነገር አያጠፋም፤ በማግስቱ ካሜራው ይሄዳል። ነገር ግን በዚያ መንደር የዚያን ቀን ልጆቹ የተማሩትን የሚያህል ትምህርት በየትኛው መጽሐፍ ታገኙታላችሁ?

እኛም ዘንድ የትምህርት ቤት ምገባ ባዕድ አይደለም። አዲስ አበባ ውስጥ ተማሪ በረሃብ ክፍል ውስጥ ይወድቅ እንደነበር መምህራን ሲናገሩ ሰምተናል። በበጎ አድራጊዎች እጅ የተጀመረው ምገባ በእኛ አቆጣጠር በ2012 ዓ.ም. በከተማው አስተዳደር ለ300,000 ያህል ተማሪዎች ተዘረጋ፤ ከዚያ ወዲህም ሰፋ። ጎሕ ሲቀድ ማድ ቤት የሚገቡትን ሴቶች መጋቢ እናቶች እንላቸዋለን። ስሙ ያምራል።

የሕንዶቹ መጋቢ እናቶች ወደ ሁለት ሚሊዮን ተኩል ናቸው። በመንግሥት ወረቀት ላይ ሠራተኛ አይባሉም፤ የክብር አበል የሚቀበሉ በጎ ፈቃደኞች ናቸው። አበሉ በ2009 በወር 1,000 ሩፒ፣ ያውም ለዓመቱ አሥር ወር ብቻ ተብሎ ተወሰነ። አንዳንድ ግዛቶች ከኪሳቸው ይጨምራሉ፤ ማዕከላዊው መንግሥት ግን ከዚያ ወዲህ አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ አንዲት ሩፒ አልጨመረም። በእነዚያ ዓመታት የሩዝም የክክም የማገዶም ዋጋ ወጥቷል። ሴቶቹ በፓትናም በዴልሂም አደባባይ ወጥተዋል፤ የሚሉት አንድ ነው፤ እንደ ሠራተኛ ቁጠሩን፣ እንደ ሠራተኛ ክፈሉን። እኔ ከእነሱ ጋር ነኝ። መቶ ሚሊዮን ልጅ የሚያበላ መንግሥት የምታበላውን ሴት ቤቷን በማያቆም ገንዘብ ሊያሠራት አይገባውም፤ የእሷም ልጆች ከዚያው ክፍል ውስጥ ናቸው፣ ማታም ራት ይፈልጋሉ።